ዝም በሉ፣ ልጅ ተኝታለች

"ሂጂ ተኚ አልኩሽ እኮ!" አለች ኣብርሀት፣ ጥርሷን ነክሳ።

"እማዬ፣ ሰው ምን ይላል?"

"ሰውን ለኔ ተዪው። ሶሬቲ ቤት ሄጄ ትልቁን ብረት ድስት ላምጣ ብለሽ ውጪ። በጓሮ ግቢና አንድ ሁለት ሰዓት ጋደም በይ።"

"ብረት ድስቱ እኮ ትናንት መጥቷል።"

"ሌላ ብረት ድስት!"

እናትና ልጅ የሚንሾካሾኩት ማጀት ቆመው ነው። ከመጋረጃው ወዲያ ሳሎኑን ለቀስተኛ ሴቶች ሞልተውታል፤ ደጅ የዕድሩ ድንኳን ተተክሎ ወንዶቹ ካርታ ይጫወታሉ። የሾላው ፀጉር አስተካካይ ካሳዬ ትናንት ጠዋት ሐኪም ቤት አርፎ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ተቀበረ። ሚስቱ ኣብርሀት ግን እንደ ወጉ አላለቀሰችም። እንባ አጥታ እንዳይመስላችሁ፤ ጊዜ አጥታ ነው። ሐሳቧ ሁሉ ልጇን እንዴት አድርጋ እንደምታስተኛት ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ካሳዬ የሚጥል በሽታ ነበረበት፤ ይኼንን ከሾላ እስከ ላም በረት የማያውቅ የለም። የሃያ ዓመቷን አንድዬ ልጁን ሙሉንም ከስምንት ወር ወዲህ ያው በሽታ ጀምሯታል፤ ይኼንን ግን ከእናትና አባቷ በቀር የሚያውቅ የለም። ሐኪሙ በየማታው የምትውጠው ክኒን አዞላታል፤ ከክኒኑ ጋርም አንድ ምክር፦ እንቅልፍ እንዳታጓድዪ። በሽታውን እንቅልፍ ያስታግሰዋል፣ ሳይተኙ ማደር ይቀሰቅሰዋል። እንግዲህ አስቡት። ልጅቷ ሦስት ሌሊት አባቷን ስታስታምም ዓይኗን አልከደነችም። ትናንት ደግሞ ሰዓት እላፊው ሳይዘን ብሎ ያልሄደ ለቀስተኛ ሁሉ እዚሁ ስላደረ፣ የሟች ልጅ ሆና ከመሀላቸው ተቀምጣ ነጋላት። የሟች ልጅ በአባቷ ልቅሶ ተኛች ከተባለማ ጉድ ፈላ።

ይባስ ብሎ የክኒኑ ቆርቆሮ ከመደርደሪያው ላይ የለም። የካሳዬም የሙሉም ክኒን እዚያው አንድ ቆርቆሮ ውስጥ ነበር፤ ኣብርሀት እንዲያ ያደረገችው ጎረቤት ሲያየው የካሳዬ ነው እንዲል ነው። አሁን ታዲያ ማንን ትጠይቅ? "የሟቹን ክኒን አያችሁ?" ብትል፣ "ምን ሊያደርግልሽ?" ሊሏት ነው። ማንንም ሳትጠይቅ ጠዋቱን ሙሉ ምንጣፍ ስትገልጥ፣ ሳጥን ስትከፍት ዋለች። ሴቶቹ አይተዋት "ምስኪን፣ ልቧ የለም" ተባባሉ።

ሙሉ ነጠላዋን ተከናንባ በጓሮ ወጣች። ኣብርሀት ወደ ሳሎን ተመልሳ ፍራሹ ላይ ተቀመጠች። በመስኮቱ ከድንኳኑ የሳቅ ድምፅ ገባ። የሚያወራው አብዱራሕማን ነው፤ ከካሳዬ ፀጉር ቤት ጎን ክብሪት፣ ላምባና ክር የሚሸጥ፣ የዐሥራ ስምንት ዓመት ጎረቤቱ።

"ሥራ በጀመረ በሦስተኛው ቀን ነው" ይላል አብዱራሕማን። "አንድ ነገር ዷ ሲል ሰምቼ ብሮጥ፣ ሰውዬው መሬት ላይ ይንፈራገጣል። ወላሂ ደነገጥኩ። የሚጥል በሽታ የያዘውን ሰው ክብሪት ያሸቱታል ሲባል ነው ያደግኩት። ከራሴ ሱቅ አንድ ሙሉ ክብሪት አምጥቼ አንዱን በአንዱ ላይ እየጫርኩ ከአፍንጫው ሥር ያዝኩለት። በኋላ በራሱ ጊዜ ነቃ። ቀና ብሎ አየኝ፣ አፍንጫው ሥር ዳሰሰ፤ ጢሙ ግማሹ የለም። ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? 'ወንድሜ፣ ጢም መላጨት የኔ ሥራ መስሎኝ!'"

ድንኳኑ በሳቅ ተናጋ። ሳሎን ያሉት ሴቶችም በነጠላቸው ጫፍ አፋቸውን ይዘው ትከሻቸው ይንቀጠቀጣል፤ እያለቀሱ ይሁን እየሳቁ የሚያውቀው አንድ እግዜር ነው። ኣብርሀትም ፈገግ ልትል ነበር። የጓሮው በር ተበርግዶ ባይከፈት ኖሮ።

"ኡኡ! ድረሱልኝ! ልጅቷ በሐዘን ራሷን ስታ አገኘኋት!"

ጎረቤቷ ሶሬቲ ናት፤ ደግ፣ ፈጣን፣ ነገር ሳታጣራ የምትሮጥ። ሙሉን በብብቷ ደግፋ ታስገባለች። ሙሉ ከራሷ እስከ እግሯ ውሃ ታንጠባጥባለች።

"ቤቴ ስገባ አልጋዬ ላይ ዝርግት ብላለች! አንድ ባልዲ ቀዝቃዛ ውሃ ባላፈስባት ዛሬ ሌላ ለቅሶ ነበር!"

"እግዜር ይስጥሽ፣ ሶሬቲ" አለች ኣብርሀት። ሌላ ምን ትበል? ሙሉን በጋቢ ጠቅልለው ከእናቷ ጎን አስቀመጧት። ስንት ደቂቃ እንደተኛች ኣብርሀት በዓይኗ ስትጠይቃት፣ ሙሉ ከጋቢው ሥር አምስት ጣቷን አሳየቻት።

ኣብርሀት ካሳዬን ያገባችው እያወቀች ነው። ያኔ እሷ ከአዲግራት ከመጣች ሁለተኛ ዓመቷ፣ እሱ ደግሞ ግንበኛ። ቦሌ መንገድ የአንድ ሀብታም ቪላ ሲገነባ ሁለት ጊዜ ከርብራብ ላይ ወድቆ፣ አሠሪው "ሦስተኛውን ሌላ ሰው ቤት ውደቅ" ብሎ አሰናብቶታል። ሥራ ባጣ በሳምንቱ መጣና "እኔ እወድቃለሁ። ታነሺኛለሽ ወይስ ሌላ ልፈልግ?" አላት። ከላይ እስከ ታች አየችውና "ስንት ኪሎ ነህ?" አለችው። በሃያ ሁለት ዓመት ትዳራቸው ይቺን ነገር ለእንግዳ ሳያወራት የቀረበት ቀን ትንሽ ነው።

ፀጉር ቆራጭ ልሆን ነው ሲል "አብደሃል?" ያላለው የለም። የሚወድቅ ሰውና ምላጭ! እሱ ግን በሽታው ከመምጣቱ በፊት እርጥብ ጋቢ ይሸተዋል። ሲሸተው ምላጩን አጥፎ ለደንበኛው ያስይዛል፤ "ጌታዬ፣ አንድ ጊዜ ይያዙልኝ" ይልና ጥግ ከተነጠፈው ፍራሽ ላይ ሄዶ ይጋደማል። ግማሽ ፂሙን ተላጭቶ ምላጭ ይዞ የሚጠብቅ ሰው ማየት ለሾላ ገበያ ብርቅ አልነበረም። ካሳዬ በዐሥራ ስምንት ዓመት አንድ ጆሮ አልነካም፤ ስንቱ ጤነኛ ቆራጭ እንዲህ ማለት ይችላል?

መሠረተ ትምህርት ሲመጣ ደግሞ ፊደል ቆጠረ። ጥናቱን እንደጨረሰ ካርቶን አምጥቶ በትልልቁ ጻፈና ከመስታወቱ አናት ሰቀለው። "ፀጉር አስተካካዩ ቢወድቅ ክብሪት አትጫሩ። አፉ ውስጥ ምንም አትክተቱ። በጎኑ አስተኙት። አይጋባም። ተራችሁን ጠብቁ።" የቀበሌው ካድሬ መፈክር መስሎት ቆሞ አነበበና "ይኼ መመሪያ ከማን የወረደ ነው?" ብሎ ጠየቀ። "ከወደቀው" አለው ካሳዬ። ካድሬው ሊቆጣ አፉን ከፍቶ ሳቁ ቀደመው፤ ከዚያ ወዲያ አፍሮውን የሚያስተካክለው እዚያ ሆነ።

እንዲህ ያለ ሰው ነበር። ምድጃ አጠገብ አይቀመጥም፣ መሰላል አይወጣም፣ ጠላ አይቀምስም፤ ማታ በጊዜ ይተኛል። የጎረቤት ለቅሶ ላይ እንኳ አሥራ ሁለት ሰዓት ሲሆን ብድግ ብሎ "እናንተን ያጥናችሁ፣ እኔን ያስተኛኝ" ይልና ይሄዳል። የዕድሩ ዳኛ አቶ ገብረየስ በአባታቸው ልቅሶ እንዲህ ብሎ ስለሄደባቸው ሁለት ዓመት አኩርፈውታል። ለኩርፊያውም ግድ አልነበረውም። በመጨረሻ የገደለውም ይኼ በሽታ አይደለም፤ ሳንባ ምች ነው። ያን ሁሉ ጊዜ ወድቆ የተነሳ ሰውዬ በአንድ ሳል ሄደ።

በልጁ ነገር ግን እሱና ኣብርሀት አልተስማሙም። ማታ ማታ አባትና ልጅ ክኒናቸውን ይዘው የውሃ ብርጭቆ ያጋጫሉ፤ "ለጤናችን!" ይላል እሱ፤ "ለጤናችን!" ትላለች እሷ፤ ጠጅ ቤት ያሉ ነው የሚመስሉት። ኣብርሀት መስኮት ትዘጋለች።

"ምን ትዘጊያለሽ? በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም" ይላታል።

"ያልደበቀችስ ባል አላት?" ትለዋለች። "አንተ ወንድ ነህ። አግብተህ፣ ወልደህ፣ ስቀህ አሳቅህ። እሷ ገና ናት። የኃይለኪሮስ እናት ብትሰማ ጋብቻው አንድ ቀን የሚያድር ይመስልሃል?"

ኃይለኪሮስ አውሮፕላን ማረፊያ የሚሠራ ቴክኒሻን ነው፤ ጨዋ ልጅ። ሽማግሌ ልኮ እሺ ተብሏል፣ ሠርጉ ለጥር ታስቧል። እናቱ ወይዘሮ ወለተማርያም ግን ጾም የማይገድፉ፣ ሰው የማይምሩ ሴት ናቸው። ካሳዬ ሐኪም ቤት ተኝቶ እንኳ "ንገሪያቸው" ብሏታል። "ዳንና አንተው ትነግራለህ" አለችው። አልዳነም።

በዚያው በሁለተኛው ቀን፣ ከምሳ በኋላ፣ ኣብርሀት ሌላ ዘዴ አገኘች። መኝታ ቤቱ አልጋ ላይ የለቀስተኞች ካፖርትና ጋቢ ተከምሯል። ሙሉን ከክምሩ ሥር አስገብታ፣ እላይዋ ላይ ሌላ ሦስት ጋቢ ደርባ፣ በሩን ገርበብ አድርጋ ወጣች። እጇን አራግፋ ፍራሹ ላይ ከተቀመጠች በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ የንፍሮው ጨው ምላሷ ላይ ተሰማት።

ሩብ ሰዓት እንኳ አልሞላም። ወይዘሮ ወለተማርያም ገቡ። ኣብርሀትን አቅፈው አልቅሰው፣ ጥላቸውን የሚያኖሩበት ፈልገው ወደ መኝታ ቤት ዘለቁ። እግራቸውን ሊያሳርፉም ፈለጉ መሰል፣ ካፖርቱ ላይ ቁጭ አሉ።

ካፖርቱ ጮኸ።

"በስመ አብ!" ወይዘሮ ወለተማርያም እንደ ልጃገረድ ዘለው በሩ ጋ ደረሱ። "በስመ አብ ወወልድ! ነፍሱ ነው! የካሳዬ ነፍስ ነው!"

ሴቶቹ ተንጋግተው ሲገቡ ሙሉ ከጋቢው ሥር ብቅ አለች፤ ፀጉሯ ተበታትኗል፣ ጉንጯ ላይ የካፖርት ቁልፍ ታትሞበታል። አንዷ ሳቋ አመለጣት። ወይዘሮ ወለተማርያም ግን አልሳቁም።

"ሙሉ ነሽ? በጠራራ ፀሐይ ትተኛለሽ? አባትሽ ከተቀበረ ገና አንድ ቀኑ እኮ ነው!"

ሙሉ እናቷን አየች። ኣብርሀት መሬት መሬቱን አየች። ማለት ያለባትን ነገር ዋጠችው። ሙሉም "ይቅርታ፣ እማማ" ብላ ነጠላዋን አጣፍታ ወጥታ ከሴቶቹ መሀል ተቀመጠች። ያን ቀን ሲመሽም እዚያው ነበረች፣ ሲነጋም እዚያው።

ሣልስት ሆነ። ከቤተ ክርስቲያን መልስ ሰው ሁሉ ድንኳን ውስጥ ተሰበሰበ፤ ማታ ድንኳኑ ስለሚነቀል የቀረም የለ። አቶ ገብረየስ የዕድሩን ምስጋና እያሰሙ ነው። ኃይለኪሮስ ከጎረቤት ወጣቶች ጋር ሻይ ያዞራል። ሙሉ ዓይኗ ሰርጉዷል፣ ከንፈሯ ነጭ ሆኗል። ሻይ ተቀበለችው። ወደ አፏ ስታስጠጋው እጇ ድንገት ዘለለ፤ ብርጭቆው ከእጇ ወጥቶ ምንጣፉ ላይ ተከነበለ።

"አይዞሽ፣ ሐዘን ነው" አሏት። "ሐዘን ያንቀጠቅጣል።"

ሐዘን እንዳልሆነ ኣብርሀት ታውቃለች። ስምንት ወር ስታየው የኖረችው ነው። እንቅልፍ ሲጓደል መጀመሪያ እጅ ይዘላል፤ አንዴ ይዘላል፣ ደግሞ ይዘላል፣ ከዚያ ልጅቷ እንዳለች ትወድቃለች። ሌላ ብርጭቆ ሰጧት። እጇ ደግሞ ዘለለ። ሻዩ ቀሚሷ ላይ ፈሰሰ።

ኣብርሀት ብድግ አለች። አቶ ገብረየስ ንግግራቸውን አቋርጠው አዩዋት። ባለቤቲቱ አሁን ገና ሙሾ ልታወርድ ነው ብለው ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘጋጁ።

"ስሙኝማ" አለች። "ልጄ የአባቷ በሽታ አለባት። የሚጥለው በሽታ። ስምንት ወሯ ነው። ደብቄያችሁ ነበር። ካልተኛች ይጥላታል፣ እሷ ደግሞ አምስት ሌሊት አልተኛችም። ክኒኗም ከጠፋ ሁለት ቀኑ ነው። ስለዚህ አሁን ትሄዳለች፣ ትተኛለች። የሟች ልጅ አትተኛም የሚል ካለ፣ እሷ ያልመታችውን ደረት እኔ እመታላታለሁ። አንድም አላስቀርም።"

መጀመሪያ የተነፈሰችው ሶሬቲ ናት።

"ወይኔ! ክኒኑ ቆርቆሮ ውስጥ ነበር? ቀዩ ቆርቆሮ?"

"አዎ።"

"እኔ ነኝ! የሟች መድኃኒት ሲያዩት ሐዘን ያባብሳል ብዬ ሽንት ቤት ወረወርኩት! ከነቆርቆሮው!"

"በቃ፣ ሽንት ቤቱ ከእንግዲህ አይወድቅም" አለ አብዱራሕማን፤ ሰዉ እንዴት እንደሳቀ አትጠይቁኝ። ያ ሁሉ ታምቆ የነበረ ትንፋሽ አንድ ላይ ወጣ። አብዱራሕማን ግን አልሳቀም፤ ጫማውን እየፈለገ ነበር። "ካሳዬ ምናልባት ብረሳ ብሎ እኔ ሱቅ አስቀምጧል። አንድ ሙሉ ብልቃጥ! አሁን መጣሁ!" የስድሳ ዓመቱ ሰውዬ በሾላ መንገድ ሲሮጥ ያዩት ሱቁ የተቃጠለ መሰላቸው።

"እኔ የምውጠው ግማሿን ነው!" አለች ሙሉ ከኋላው። ከሦስት ቀን ወዲህ ጮክ ብላ ስትናገር የመጀመሪያዋ ነው።

ወይዘሮ ወለተማርያም ወደ ልጃቸው ዞሩ። ኃይለኪሮስ ሻይ ማንቆርቆሪያውን እንደያዘ ቆሟል።

"ሰማህ?"

"አውቃለሁ፣ እማዬ። ከፋሲካ በፊት ነግራኛለች።"

"ነግራሃለች?" ያለችው ኣብርሀት ናት። ድምፅዋ ከድንኳኑ ጣሪያ ደረሰ።

"አዎ፣ እትዬ። እንደማውቅ እርስዎ እንዳያውቁ ለምናኝ ነበር።"

ኣብርሀት ልጇን አየቻት። ሙሉ ትከሻዋን ሰብሰብ አደረገች። "አባዬ ነው ንገሪው ያለኝ" አለች። ኣብርሀት አሁን በማን ትናደድ? ባሏ ሞቶም እንኳ ቀድሟት ነበር።

ወይዘሮ ወለተማርያም ነጠላቸውን አጣፉ፣ ጥላቸውን አንስተው ከድንኳኑ ወጡ። ኣብርሀት በዓይኗ ሸኘቻቸው። ይኸው፣ ጋብቻው ሄደ አለች በሆዷ። ሙሉን በክንዷ ያዘችና ወደ ቤት ወሰደቻት፤ አብዱራሕማን እያለከለከ ደረሰ፤ ልጅቷ ግማሿን ክኒን ውጣ፣ ጫማዋ ሳይወልቅላት እንቅልፍ ወሰዳት።

ኣብርሀት ከመኝታ ቤቱ ስትወጣ በሩ ላይ አንድ በርጩማ አገኘች። በርጩማው ላይ ወይዘሮ ወለተማርያም ጥላቸውን በጉልበታቸው ላይ አጋድመው ተቀምጠዋል። ለካ የወጡት በርጩማ ፍለጋ ነው።

"እመት፣ እርስዎ..."

"ትናንት ተቀመጥኩባት" አሉ ወይዘሮዋ። "አራት ሌሊት ባልተኛች ልጅ ላይ ተቀምጬ ተቆጣኋት። ዛሬ ቢያንስ በሯን ልጠብቅ እንጂ። አልዋሽሽም፣ የሙሉ እናት፣ ፈርቻለሁ። ስለ ልጆቹ ከአርባው በኋላ ቁጭ ብለን እናወራለን። ስትወድቅ ምን እንደሚደረግም ታሳዪኛለሽ። አሁን ግን በዚህ በር ማንም አያልፍም።"

ወሬው ድንኳን ደረሰ። አቶ ገብረየስ ብድግ ብለው በሹክሹክታ አወጁ፤ ዕድሩ ከተቋቋመ ወዲህ በሹክሹክታ የታወጀ ነገር ይኼ የመጀመሪያው ነው። "ወገኖቼ፣ እኔ ካሳዬን በአባቴ ልቅሶ ተኛ ብዬ ሁለት ዓመት አኩርፌዋለሁ። ልጁንስ አላኮርፍም። ድምፅ ይቀነስ።" ካርታ ተጫዋቾቹ ካርታውን እንደ እንቁላል እየያዙ ያስቀምጡ ጀመር። ሶሬቲ ጥፋቷን ለመካስ ብላ የግቢውን ዶሮዎች ሳይቀር አባረረች። የሚያስነጥሰው ወደ ውጪ ይሮጣል። ደግሞ አንዱ የካሳዬን ጨዋታ ያነሳና ሰዉ ሁሉ አፉን በእጁ ይዞ ፊቱ እስኪቀላ ይስቃል።

ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ከወደ መንገዱ ጩኸት ተሰማ። የሁሉም አንገት ዞረ። የካሳዬ ታላቅ እህት አሰፋሽ ከደብረ ብርሃን መጣች ማለት ነው። መርዶው ዘግይቶ ነው የደረሳት። አሰፋሽን የሚያውቅ ያውቃታል፤ ከአውቶቡስ ኮተቤ ላይ ወርዳ ብታለቅስ ሾላ ይሰማል። "ወንድሜ! የኔ ጌታ! ማን ነው ያለኔ የቀበረህ!" እያለች፣ ነጠላዋን አገልድማ ደረቷን እየደቃች፣ ድንኳኑን አልፋ እሚያስቆማት ሳታገኝ ቤት ገባች። ኣብርሀት ሮጣ ልትደርስባት አልቻለችም። መኝታ ቤቱ በር ላይ ግን የጥላ ጫፍ ደረቷ ላይ አረፈ።

"ዝም በዪ! ልጅ ተኝታለች!" አሉ ወይዘሮ ወለተማርያም።

"ማን ነሽ አንቺ? በወንድሜ ቤት! በወንድሜ ልቅሶ! የማን ልጅ ናት ዛሬ የምትተኛ?"

"የወንድምሽ። ካልተኛች ትወድቃለች።"

አሰፋሽ አፏን እንደከፈተች ቀረች። ካሳዬን በጀርባዋ አዝላ ያሳደገችው እሷ ናት፤ የመጀመሪያውን ቀን ሲወድቅ ያየችውም እሷው። ወደ ኣብርሀት ዞረች።

"እንደሱ?" አለች፣ በትንፋሽ ብቻ።

"እንደሱ።"

አሰፋሽ ሁለት እጇን አፏ ላይ ከደነች። ጩኸቱ ግን ከደብረ ብርሃን ጀምሮ ይዛው የመጣችው ነው፤ የት ይሂድ? ትከሻዋ ይናጥ ጀመር። ደረቷን ለመምታት እጇን ታነሳለች፣ ከደረቷ ሳይደርስ ታቆመዋለች፤ ደግሞ ታነሳለች፣ ደግሞ ታቆመዋለች። ድምፅ የሌለው ሙሾ በአፏ ይላወሳል። ሴቶቹ አንድ በአንድ ከበቧትና እንደሷ አየሩን ይመቱ ጀመር። ያን ሁሉ ለቅሶ ያለቀሰ ሰፈር ያን ቀን ያለቀሰውን ያህል አልቅሶ አያውቅም፤ አንድ ድምፅ ግን አልወጣም።

ኣብርሀት ያን እያየች ግድግዳውን ተደግፋ ቆመች። ወይዘሮ ወለተማርያም አዩዋትና ጥላቸውን አንስተው መንገድ ለቀቁላት።

"ግቢ" አሏት። "አንቺም እኮ አልተኛሽም።"

መኝታ ቤቱ ጨለም ብሏል። ሙሉ ወደ ግድግዳው ጥግ ገብታ፣ አፏን ከፍታ፣ ደህና አድርጋ ታንኮራፋለች። ኣብርሀት ጫማዋን አወለቀችና ከአልጋው ዳር ጋደም አለች። ሃያ ሁለት ዓመት የተኛችው እዚሁ ዳር ላይ ነው። ካሳዬ በእንቅልፉ ቢነሳበት እንዳይወድቅ፣ እሱ ከግድግዳው በኩል፣ እሷ ከዳር፤ ክንዷን በላዩ ላይ ጣል አድርጋ ነበር የምታድረው።

ክንዷን በሙሉ ላይ ዘረጋች። ልጅቷ ቀጭን ናት፤ እጇ የለመደው ደግሞ ሰፊ ደረት ነው። ጣቶቿ ከልጇ አልፈው ቀዝቃዛውን ግድግዳ ነኩ።

እንባዋ ያኔ መጣ። እጇን ግን አልሰበሰበችም።